ዓይናችሁን ከኳሷ አንሡ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ ላይ በተደረገው የዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ አላባማ ኳሷን ይዞ ከ400 ያርድ በላይ ተጓዘ። የክሌምሰን ጉዞም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። በማግስቱ የያርዱን ሠንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው እስከ መጨረሻው የተናነቁ ይመስለዋል። ውጤቱ ግን 44 ለ16 ነው። አላባማ ከዕረፍት በኋላ አንዲት ነጥብ አላገኘም። ወደ ክሌምሰን ሜዳ ይገባል፣ ግቡን ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይመለሳል። ጥሩ መከላከል ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የማሳየው ያንን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

እኛ አትላንታና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ወደዚህ ጨዋታ የገባነው አብዛኞቻችን በልጆቻችን በኩል ነው። ልጅ አቴንስ ከተማ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ቅዳሜ ቀይና ጥቁር ማሊያ ለብሶ ቤት ይመጣል፤ አባት ሳይወድ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። የእግር ኳስ ዓይኑን ይዞ ስለተቀመጠ ኳሷን ይከተላል። ኳሷ ደግሞ የሰው ክምር ውስጥ ትጠፋለች። ይሰለቻል፣ ቡና ይጠይቃል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ። ሕጉ ባጭሩ ይህ ነው፦ አጥቂው አራት ሙከራ አለው፤ በአራቱ አሥር ያርድ ካልሄደ ኳሷን ያስረክባል። የግቡን መስመር ከተሻገረ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ እሱ ተችዳውን ይባላል። ካቃተው ከሩቅ በእግሩ መትቶ በሦስት ነጥብ ይጽናናል፤ ያ ደግሞ ፊልድ ጎል ነው። ተከላካይ አሥሯን ያርድ ይከለክላል፤ ካልሆነለት ስድስቷን ወደ ሦስት ያወርዳል። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

እንግዲህ ዓይንን ከኳሷ ማንሣት ነው። የሚያርፈው መሐል ላይ፣ ጎንበስ ብለው ከሚጠብቁት ግዙፎች ላይ ነው። የ2021ዱ ጆርጂያ ጆርዳን ዴቪስ የሚባል ሰው ነበረው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ በላይ፣ ያም ሆኖ 40 ያርድ በ4.78 ሰከንድ የሚሮጥ። ኳሷ ስትነሣ ሁለት አጋጆች ይጠመዱበታል። እሱ ማንንም ጥሎ አይታይም፤ ካሜራውም ትቶት ይሄዳል። ነገር ግን ሁለት ሰው በእሱ ስለተያዘ ከኋላው ያለው ላይንባከር ናኮቤ ዲን የሚነካው የለም፤ ሮጦ ይደርስና ኳስ ያዡን ይጥለዋል። ጭብጨባው የዲን፣ ሥራው የዴቪስ ይሆናል። ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ኳሷን ሳይወረውር መጣል፣ ማለትም ሳክ፣ ጀማሪ ተመልካች የሚቆጥረው ነገር ነው፤ የዴቪስ ሳኮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለነገሩ ሸላሚዎችም አንዳንዴ ያያሉ፦ ዲን የበትከስን ሽልማት በወሰደበት ዓመት ዴቪስ የአውትላንድንና የቤድናሪክን ሁለቱንም ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያው መስመር የተነሣው ትሬቮን ዎከርም በዚያ ዓመት ስድስት ሳክ ብቻ ይዞ ነው የ2022 ድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ክለቦቹ የተጫዋች ምርጫ፣ የመጀመሪያው ሰው የሆነው። ከዚያ አንድ ተከላካይ ክፍል አምስት ሰዎች በመጀመሪያው ዙር ተመረጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልታየም።

ሁለተኛው ምልክት ኳሷ ከመነሣቷ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይታያል። አጥቂዎቹ ሰው ያንቀሳቅሳሉ፣ ቦታ ይለዋውጣሉ። ያኔ አሥራ አንዱን ተከላካዮች ተመልከቷቸው። እርስ በርስ እየተያዩ እጃቸውን የሚዘረጉ ከሆነ ጠፍቶባቸዋል፤ የሚመጣውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አንዱ ሲጮህ ሌሎቹ ሳይዞሩ ሁለት እርምጃ ከተንቀሳቀሱ ግን ጥሩ ተምረዋል። እስከ 2023 ድረስ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሜዳው ዳር በእጅ ምልክትና በሥዕል ሰሌዳ ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ በአንድ ተጫዋች የራስ ቁር ውስጥ ሬዲዮ ተፈቀደ፤ እሱም ኳሷን ለማንሣት ከተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል። ከ15 ሰከንዷ በኋላ ያለው ያው የድሮው ነው፤ ዓይንና ድምፅ።

በዚህ ረገድ የክሌምሰኑን ብሬንት ቬነብልስን የሚያህል አላየሁም። የመከላከሉ ኃላፊ የነበረው ይህ ረዳት አሰልጣኝ በስሜት ወደ ሜዳው እየገባ ቡድኑን እንዳያስቀጣ፣ ከኋላው ቆሞ ቀበቶውን ይዞ የሚጎትተው ሰው ተመድቦለት ነበር። ሰው በዚያ ይስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ከሚጎተተው ሰው ዓይን ላይ ነበር ዓይኔ። የተጋጣሚውን አሰላለፍ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ያነባል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ ልጆቹ ይቀያየራሉ። እሱ ካነበበ በኋላ ኳርተርባኩ የሚያየው መከላከል ከአሥር ሰከንድ በፊት ያየው አይደለም።

ስለ አጣጣል አንድ ነገር ብቻ፦ የተያዘው ሰው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ የሚወድቀው? ሁለተኛው ያዥስ ስንት እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል? የ2011 አላባማ ለዚህ መማሪያ ነው። ጃንዋሪ 2012 በተደረገው ፍጻሜ ኤልኤስዩን 21 ለ0 ሲያሸንፍ ተጋጣሚው ሜዳውን እኩሌታ የተሻገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሄደውም ባጠቃላይ 92 ያርድ ነው። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው አሰልቺ ነበር። የመከላከሉ ኃላፊ ኪርቢ ስማርት ይባላል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ቁጥሩን መመዘን ነው። የ2021 ጆርጂያ በመጀመሪያዎቹ 12 ጨዋታዎች በአማካይ ሰባት የማይሞላ ነጥብ ነው የገባበት። ጋዜጠኛው ሁሉ በታሪክ ወደር የሌለው እያለ ጻፈ። ዲሴምበር 4 በሊጉ፣ በኤስኢሲ፣ ሻምፒዮና አላባማን ሲያገኝ 41 ገባበት። ኳርተርባኩ ብራይስ ያንግ 421 ያርድ ወረወረ። እስከ ትናንት ያሞገሱት ሰዎች ‹‹ድሮም የተጋጣሚዎቹ ድክመት ነው›› አሉ። ሁለቱም ወገን ችኩል ነበር። ከ41ዱ ሰባቱን አላባማ ያገኘው በራሱ ተከላካዮች ጠለፋ እንጂ በጆርጂያ ተከላካዮች ላይ አልነበረም። ቀሪው ግን እውነተኛ ሽንፈት ነው፤ ያንግን የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም፣ ቆሞ ይመርጥ ነበር።

ከ37 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2022፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ እንደገና ተገናኙ። ጆርጂያ 33 ለ18 አሸነፈ። አሥራ ስምንቷን ስንፈታት አራት ፊልድ ጎልና አንድ ተችዳውን ናት። ተችዳውኑም የመጣው የጆርጂያ ኳርተርባክ ኳሷን በራሱ ሜዳ ጥሏት፣ አላባማ ግቡ አጠገብ ከ16 ያርድ ሲጀምር ነው። ስድስቷን ወደ ሦስት ማውረድ ያልኩት ይህን ነው፤ አራት ጊዜ! በመጨረሻ ኪሊ ሪንጎ የያንግን ኳስ ጠልፎ 79 ያርድ ሮጠባትና ጨዋታው አለቀ። ሚዛናዊ ሰው አንድ ነገር አይረሳም፦ አላባማ ከሁለቱ ምርጥ ተቀባዮቹ ጆን ሜቺን በመጀመሪያው ግጥሚያ በጉዳት አጥቶታል፤ ጄምሰን ዊልያምስ ደግሞ በዚሁ ፍጻሜ መሐል ተጎድቶ ወጣ። ይህን ቀንሼም ቢሆን ሥራውን አደንቃለሁ። በአንድ ወር ከሳምንት ውስጥ የተበላሸውን አይቶ፣ ነቅሎ፣ መልሶ መትከል ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ስለ ረዳት አሰልጣኞቹ የማወራው። በእነዚያ 37 ቀናት የጆርጂያ መከላከል ኃላፊ የነበረው ዳን ላኒንግ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። ከሽንፈቱ ሳምንት በኋላ ኦሪገን ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾሞታል። ሻንጣው በር ላይ ተቀምጦ ነው ማለት ነው የቆየው። ዋናው አሰልጣኝ ኪርቢ ስማርት ይህን የሚያውቀው ከራሱ ነው፤ በዲሴምበር 2015 ጆርጂያ ሲሾመው እሱም እዚያው አላባማ ቆይቶ፣ ሚሺጋን ስቴትን 38 ለ0 ካሸነፉ በኋላ ፍጻሜውን ጨርሶ ነው የመጣው። በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በጃንዋሪ 2017 የአላባማ ማጥቃት ኃላፊ ሌን ኪፊን ፍሎሪዳ አትላንቲክ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ከሾመው በኋላ፣ ፍጻሜው ሳምንት ሲቀረው ከቡድኑ ተለየ፤ አላባማ በክሌምሰን 35 ለ31 ተሸነፈ። በአንድ ሰው መሄድ ብቻ ተሸነፈ አልልም። ግን ረዳቱ መሄዱ ካልቀረ አካሄዱንም ልብ በሉ፤ የዋናው አሰልጣኝ አያያዝ እዚያ ላይ ይነበባል።

ማቆየት ራሱ ለምን እንዲህ ይለፋበታል? የመከላከል ሥርዓት በዋናነት ቃል ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ ለአንዱ አሰላለፍ የራሱ መጠሪያ አለው። ኃላፊው ሲቀየር የ19 ዓመት ልጅ ያወቀውን ረስቶ እንደ አዲስ ፊደል ይቆጥራል፤ ለማሰብ የሚያጠፋት ቅጽበት ደግሞ ሰው የሚያልፍባት ናት። ክሌምሰን በጃንዋሪ 2012 በዌስት ቨርጂኒያ 70 ነጥብ ገብቶበት ከተዋረደ በኋላ ቬነብልስን ከኦክላሆማ አመጣው፤ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ2016 የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሸለመውን የብሮይልስ ሽልማት ወሰደ። ይህ ሽልማት ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ‹‹ሰውየው ይኸው፣ ኑና ውሰዱት›› ብሎ እንደመለጠፍ ነው፤ እሱ ግን ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት አልተነቃነቀም። በ2018 ለአምስት ዓመት 11.6 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረሙ። ገንዘቡ ብቻ ግን አይደለም። ሁለት ልጆቹ እዚያው በአባታቸው ሥር ተጫውተዋል፤ ዋናው አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒም መከላከሉን ሙሉ ለሙሉ ለቆለት ነበር። ያ 44 ለ16 የመጣው ከዚህ ነው። የመከላከሉ መስመር ሰዎች ክሪስቸን ዊልኪንስ፣ ክሌሊን ፌረልና ኦስቲን ብራያንት ወደ ፕሮፌሽናል መሄድ ሲችሉ በ2018 አንድ ዓመት ጨምረው ተመለሱ፤ አራተኛው ዴክስተር ሎረንስ በቅጣት ከፍጻሜው ሲቀር አልበርት ሃጊንስ ገባ፤ መስመሩም አልላላም።

በዲሴምበር 2021 ኦክላሆማ ዋና አሰልጣኝ ሁን ብሎ ሲጠራው ቬነብልስ ሄደ። የድሮ ቤቱ ነው፤ ማን ይፈርድበታል። ስዊኒ በቦታው ከቢሮ ሆኖ ያጠና የነበረውን ዌስ ጉድዊንን ሾመ። ክሌምሰን ወዲያው አልወደቀም፤ በ2022ና በ2024 የሊጉን፣ የኤሲሲን፣ ዋንጫ ወስዷል። ግን ያ የመጨረሻ ሰከንድ ለውጥ ጠፋ። በዲሴምበር 2024 ቴክሳስ 38 አገባበትና በአዲሱ ዓመት መባቻ ጉድዊን ተሰናበተ። ክሌምሰን ሰውየውን ለአሥር ዓመት ማቆየት ችሎበታል፤ እጁን ለሌላ እንዲያወርስ ግን ያደረገ አይመስለኝም።

ጆርጂያ ደግሞ ሰው ማቆየት አልሆነለትም ሊባል ይችላል፤ በስድስት ዓመት ሁለት የመከላከል ኃላፊዎች ዋና አሰልጣኝ ሆነው ሄደውበታል፤ ከላኒንግ በፊት ሜል ታከር ወደ ኮሎራዶ። ግን ግሌን ሹማን የሚባል ከአላባማ ከስማርት ጋር የመጣ ወጣት ከ2016 ጀምሮ እዚያው አለ። በ2022 ከዊል መስቻምፕ ጋር ኃላፊነቱን ተረከበ። ቃሉ አልተለወጠም።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 እዚሁ አትላንታ የላኒንግ ኦሪገን ከጆርጂያ ጋር ዓመቱን ከፈተ። አምስቱ የመጀመሪያ ዙር ተመራጮች ከጆርጂያ ሄደዋል፣ ያሠለጠናቸውም ሰው ከተቃራኒው ወገን ቆሟል። ካሜራው ላኒንግን ባሳየ ቁጥር ልጄ ይስቃል። እኔ መሐሉን እያየሁ ነበር። ዓምና ከነዴቪስ ኋላ ተራ ይጠብቅ የነበረው ጄለን ካርተር ዛሬ ሁለት አጋጅ ተጠምዶበታል፤ ከኋላው ያለውን ላይንባከር የነካው የለም። ኦሪገን ሙሉ ከሰዓቱን ለፍቶ ያገኘው ሦስት ነጥብ ነው፣ 49 ለ3።