እብድ ናት ወይስ አይደለችም?

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ነው። ስሙን ቃል በቃል ከፈታችሁት ያለ ሽቦ የሚያወራ ስልክ ማለት ነው። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በስልክ የተቀረፀ ፊልም አየንና እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ አመሸን። የሰፈር ስምና ፊልም እንዲህ ሲገጥሙ አይቼ አላውቅም።

ፊልሙ «አንሴን» ይባላል። በኛ አፍ «ነካ ያደረጋት» ብንለው ብዙም አንሳሳትም። የሠራው ስቲቨን ሶደርበርግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የካንን ትልቁን ሽልማት፣ በ2001 ደግሞ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካርን የወሰደ ሰው። ይህ ሁሉ ክብር ያለው ሰውዬ በ2018 ለዕይታ ያበቃውን ይህን ፊልም በአይፎን ቀረፀው። ቀረፃው አሥር ቀን ገደማ ፈጀ፣ ወጪው 1.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ለኛ ይህ ሀብት ነው፤ ለሆሊውድ ግን የሻይ ገንዘብ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሶየር የምትባል ወጣት (ክሌር ፎይ ናት የምትጫወታት) አንድ ሰው እግር በእግር እየተከታተለ መግቢያ መውጫ ስላሳጣት አገር ለቃ ሌላ ከተማ ሥራ ጀምራለች። አዲሱ ከተማም ግን ዕረፍት አልሰጣትም፤ ሁሉም ወንድ እሱን ይመስላታል። የሚያናግራት ባለሙያ ፍለጋ ወደ አንድ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ትሄዳለች። «የተለመደ ፎርም ነው» የተባለችውን ወረቀት ሳታነብ ፈርማ ስትጨርስ፣ ለካስ ራሷን አስተኝታለች! መጀመሪያ ለአንድ ቀን፣ ቀጥሎ ለሰባት ቀን። ኢንሹራንሱ እስከከፈለ ድረስ ተቋሙ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። መድኃኒት ሊሰጣት የመጣውን ሠራተኛ ቀና ብላ ስታየው ደግሞ… ያው ሰውዬ ነው። ትጮሃለች። እብድ ሲጮህ ማን ይሰማል? ጭራሽ ጩኸቷ የእብደቷ ማስረጃ ሆነ።

እንግዲህ የተመልካቾቻችንን አስተያየት ስሙልኝ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ነበር። ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጀሞ ሜክሲኮ ሲመላለስ ስለሚውል ማታ ላይ ደህና ነገር ማየት መብቱ እንደሆነ ያምናል። «ይሄ ፊልም ነው እንዴ? የልጄን ልደት እኔም በስልክ ቀርጫለሁ፤ እንዲያውም የኔው ይጠራል» አለ።

የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ስለዚህ የሚያየው ፊልም ሁሉ ቀዳዳ አለው። «ሰውየው እዚያ ተቋም ሥራ እንዴት ተቀጠረ? እሷ ያንን ቦታ እንደምትመርጥ በምን አወቀ? ደግሞ እብድ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን እስከ መጨረሻው ማቆየት ሲገባቸው መሀል ላይ አፈነዱት። ሰስፔንሱን ገደሉት!» አለ።

ባለቤቴ ልጅቷን አልወደደቻትም። «አፏ መጥፎ ነው፤ ሁሉን ትሳደባለች፣ ሰው ትመታለች። እንዲህ ሆና ማን ያዝንላታል?»

ቡና ያፈሉልን ጎረቤታችን እትዬ በበኩላቸው ያዘኑት ለሰውየው ነው። «ምስኪን! ወዷት እኮ ነው። አባቱ አልጋ ላይ እያለ መጽሐፍ ያነበበችለት እሷ አይደለችም እንዴ? ሆዱ ባባ። አሁን ይኼ ሰው ጥሩ ሚስት ቢያገኝ ኖሮ…»

የእህቴ ልጅ አልተናገረችም። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

እኔም ፊልም ተቺ ነኝ ባልልም ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከሾፌሩ ልጀምር። ምስሉ አያምርም፣ እውነት ነው። ፊት ይለጥጣል፣ ብርሃኑ የታመመ ነው፣ ጣሪያው ጭንቅላት ላይ የወደቀ ይመስላል። ግን ካሜራው የት የት እንደተቀመጠ ልብ በሉ። ገና ሲጀምር ሶየር መንገድ ላይ ስትሄድ ከሩቅ፣ ከዛፍ ኋላ ሆነን ነው የምናያት። ቢሮ ስትገባ ጥግ ተደብቀን እናያታለን። የተከታታዩን ዓይን ተውሰን፣ ሳናውቀው እኛም እየተከተልናት ነው። ትልቅ ካሜራ በክሬን ተሰቅሎ ይህን ቢያደርገው ውበት ይሆንበት ነበር። ስልክ ሲሆን ግን ያስፈራል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሰው የሚሰለለው በሱ ነው። ርካሽነቱ እዚህ ላይ ሥራ ሠርቷል። ብር የለንም እያሉ ለሚያማርሩ የኛ ፊልም ሠሪዎች ይህች ትምህርት ትሆናለች ብዬ አስባለሁ፦ ካሜራው ትንሽ ከሆነ ትንሽ ካሜራ የሚያምርበትን ታሪክ መፈለግ ነው እንጂ በትንሽ ካሜራ የሀብታም ቪላ መቅረፅ ምን ይሉታል?

የወንድሜ ልጅ ስለ ቀዳዳው ያነሳው ትክክል ነው። ፊልሙ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይላላል፤ ሬሳ ይበዛል፣ አጋጣሚ ይበዛል። ምሥጢሩን ቀድሞ ማውጣቱን ግን እንደ ስህተት አልቆጥረውም። እስከ መጨረሻው «እውነት ይሆን ወይስ ቅዠቷ?» እያልን ብንቆይ ኖሮ እኛም ከተቋሙ ሐኪሞች ጋር አንድ ላይ ተቀምጠን እሷን እየመረመርን በቆየን ነበር። መሀል ላይ «እውነቷን ነው» ሲለን ጥያቄው ከሷ ላይ ተነስቶ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። እውነቷን ከሆነ ለምን የሚሰማት ጠፋ? ፖሊስ ጠርታ ነበር፤ መጡ፣ ከተቋሙ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፣ የፈረመችውን ወረቀት አዩ፣ ሄዱ። ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ ትዕይንት አላየሁም፤ ደም እንኳ የለበትም።

የባለቤቴን አስተያየት በቤት ሰላም ስም ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኛ ዘንድ የተበደለች ሴት እንድናዝንላት መጀመሪያ የጨዋነት ፈተና ማለፍ አለባት። ምን ለብሳ ነበር? በስንት ሰዓት ወጣች? ሰላምታውን መልሳለት ነበር? ሶየር ክፉ አፍ ኖሯት እንኳ እውነቷን መሆኑ የፊልሙ ድፍረት ነው።

ዋናው ነገር ያለው እትዬ ጋ ነው። «ወዷት እኮ ነው» የሚለው ቃል የእትዬ ብቻ አይደለም፤ የአገር ነው። «ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» ብሎ ልጁን የሚያሳድግ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግነው። የፍቅር ኮሜዲዎቻችንን አስታውሷቸው። ልጁ ልጅቷን ያያታል፣ ትሰድበዋለች፣ ቤቷ ድረስ ይከተላታል፣ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ይቆማል፣ ስልኳን ከጓደኛዋ ያወጣል፣ በዝናብ ይቆምላታል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ታገባዋለች፣ ሙዚቃው ይለቀቃል። እስቲ ያንኑ ታሪክ ሙዚቃውን አጥፍታችሁ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ፣ ከልጅቷ ወገን ሆናችሁ እዩት። «አንሴን» ማለት እሱ ነው! ሶደርበርግ የኛን ኮሜዲ ነው በሌላ መብራት የቀረፀው።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ካሚላት መህዲ የምትባል የ21 ዓመት ወጣት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ሲከታተላት በነበረ ሰው አሲድ ተደፋባት። አብረዋት የነበሩ እህቶቿም ተቃጠሉ። እሷ ለሕክምና ፈረንሳይ ድረስ ሄደች። ያኔ ጋዜጣው ሁሉ ስለሷ ጻፈ፣ ከተማው ሁሉ አለቀሰ። ታዲያ በዚያው ሰሞን በታክሲ ውስጥ በጆሮዬ የሰማሁትን አልረሳም፦ «ምን አድርጋው ይሆን?»

ከዚያ ወዲህስ? በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተጠልፋ አገር ለቀናት ሲፈልጋት ከረመ። ጠላፊ ደግሞ በአንድ ጀምበር ጠላፊ አይሆንም። መጀመሪያ መንገዷን ያጠናል፣ የምትወጣበትን የምትገባበትን ሰዓት ይቆጥራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚያየው ሰው «ወዷት ነው» ይላል።

ሕጉ መሻሻሉን መካድ አይቻልም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችው ክሱ ይቀር ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፍኖ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ፅኑ እሥራት አስቀመጠ። ዛቻና ማስፈራራትም ያስቀጣል። ግን ሳይዝት፣ ሳይነካ፣ በየቀኑ ከኋላ ከኋላ የሚሄድ ሰው ከየትኛው አንቀጽ ይገባል? የሚገርመው፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ በኮምፒዩተር ሥርዓት በተደጋጋሚ መልእክት እየላከ ሰውን ያስፈራና ያስጨነቀን በእሥራት ይቀጣል። እንግዲህ በስልክ የሚከተል ወንጀለኛ ነው፤ በእግሩ የሚከተል ግን መንገደኛ ነው። መንገድ ደግሞ የመንግሥት ነው!

ይህን ሁሉ ቡናው በረካ እስኪደርስ ስተነትን አመሸሁ። ራሴንም ወደድኩት፤ ምን የመሰለ የሴቶች ጠበቃ ወጣኝ! ጎረቤቶቹ ሲሄዱ የእህቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያ መርማሪው የሚመክራት ቦታ ትዝ ይልሃል?»

ትዝ ይለኛል። ሶየር ድሮ አቤት ስትል መርማሪው ሊጠብቃት ምክር ይሰጣታል፦ ቁልፍሽን ቀይሪ፣ ፌስቡክሽን ተዪ፣ ስልክሽን እንደ ጠላት እዪ። ሰውየው በመጣ ዝርዝሩ በሙሉ ለሷ የተሰጠ የቤት ሥራ ነው።

«እኔም እኮ እንደዚያ ነው ያደረግሁት» አለች። «ሲሜን ቀየርኩ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። ማታ የነበረውን ኮርስ ያቋረጥኩት ከብዶኝ አይደለም።»

አፌ ደረቀ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ከታክሲ ተራ እስከ ብሎካችን ደጅ እንደሚከተላት ነግራኝ ነበር። ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ምን እንዳልኳት ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ቆንጆ መሆንሽን አትርሺ፤ ወዶሽ ነው፣ ይሰለቸዋል።» ስቄም ነበር። ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ኮርሱን ስታቋርጥ ግን «የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም» ብዬ ለአንድ ሰዓት መክሬያታለሁ።

«ለምን መልሰሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ የተቋሙን ሐኪም ድምፅ ራሴ ጉሮሮ ውስጥ ሰማሁት።

«ሁለተኛ ብነግርህ ቅብጥብጥ ናት ትለኝ ነበራ» አለች። ተቆጥታ አልነበረም። ይሄ ነው የከበደኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሶየር ነፃ ወጥታለች፤ ሰውየውም የለም። ግን ምግብ ቤት ተቀምጣ ድንገት የሰማችው ድምፅ የሱ ይመስላታል፣ ቢላ ይዛ ትነሳለች፣ ስትደርስ ሌላ ሰው ነው። የወንድሜ ልጅ «አልቆ ነበር እኮ፣ ይሄ ትርፍ ነው» ብሎ ነበር። የእህቴን ልጅ ጠየቅኋት። «አሁንም የዚያ ልጅ ዓይነት ጃኬት የለበሰ ሰው ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ። ትርፍ አይደለም» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት እስከ ታክሲ ተራው አብሬያት ወረድኩ። መንገድ ላይ ያ ልጅ የሚቆምበትን ግንብ አሳየችኝ። በየቀኑ የማልፈው ግንብ ነው። ኮርሱ በመስከረም እንደገና ይጀምራል አሉ፤ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚለቀቁት። በዚያ ሰዓት ጋዜጣ የማነብበት ፌርማታው ላይ እንዲሆን ወስኛለሁ።