በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለው ቀን ለማን ተጻፈ?

የሕክምና ባለሙያዎች ስለ ሥነ ምግባር ስንነጋገር ትኩረታችን በሐኪሙና በሕመምተኛው ግንኙነት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዕቃ፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ቅጹና የኮምፒዩተሩ ገጽ፣ ለተጠቃሚው እንዴት እንደተነደፈ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሙያው ዛሬ «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ ዲዛይን» ይባላል፤ በዚሁ ዐይን አንድ ትንሽ ዕቃ ልተች እወዳለሁ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዓለም ባንክ አካባቢ አንዲት አስም ያለባቸው እናት ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ እኔ መጡ። በያዙት ሳልቡታሞል፣ በተለምዶ ፓፍ በምንለው፣ ላይ 08/2024 የሚል ታትሟል። ጊዜው እንዳለፈበት ብነግራቸው «ኧረ ዶክተር፣ ገና ሰባት ዓመት አለው» አሉኝ። ቅነሳቸው ትክክል ነበር። የታተመው ግን የአውሮፓውያን ዘመን በመሆኑ መድኃኒቱ ያበቃው ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወሩም ያሳስታል፤ በእኛ አቆጣጠር ስምንተኛው ወር ሚያዝያ እንጂ ነሐሴ አይደለም። ሕመማቸው በዚህ ብቻ ተባባሰ አልልም፤ ዕቃው ስንት መጠን እንደቀረው የሚያሳይ ቆጣሪ እንኳ አልነበረውም (ይህም ራሱን የቻለ የአነዳደፍ ጉድለት ነው)።

እንዲህ ባለ ጊዜ በካርዱ ላይ በልማድ የምንጽፈው «መድኃኒቱን በአግባቡ አልተጠቀሙም» የሚል ነው። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። የሰባት ዓመት ስሕተት የሚጋብዝ ጽሑፍ አቅርቦ ጥፋቱን በአንባቢዋ ላይ መጫን አግባብ አይደለም።

ሆን ተብሎ የሚፈጸም በደልም አለ። በአሜሪካ ፕራክቲስ ፊውዥን የተባለ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ድርጅት ከአንድ የኦፒዮይድ አምራች ገንዘብ ተቀብሎ፣ በሐኪሞች ኮምፒዩተር ላይ ወደዚያው መድኃኒት የሚገፋ ማሳሰቢያ እንዲወጣ አድርጓል። በዚህና በሌሎች ክሶች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓመት 145 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በእኛ ማሸጊያ ላይ እንዲህ ያለ ተንኮል የለም፤ የሚያነበው ማን እንደሆነ ሳይታሰብ መቅረቱ ነው። ለታማሚዋ ሳንባ ግን ሁለቱ ብዙ አይለያዩም።

ዓለም ባንክ የሰፈሩ ስም እንኳ ወደ አማርኛ ተመልሶ የሚጠራበት ቦታ ነው። ቀኑን መመለስ ከዚህ አይከብድም፤ አስመጪው ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በአማርኛ የያዘ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ቢጨምር ይበቃል። እስከዚያው በፋርማሲው መስኮት በብዕር መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው። ካርቶኑ በዚያው ቀን ስለሚጣል የሚጻፈው በራሱ በዕቃው ላይ ነው፤ በፕላስቲክ ላይ ደግሞ የብዕር ቀለም ብዙ አይቆይም።