የሠርጉ ካሴት ሲገለበጥ

«የሠርግ ካሴት ወደ ዲቪዲ እንገለብጣለን» የሚለውን የፎቶ ቤት ማስታወቂያ የማያውቅ ከተሜ የለም። ሥራውስ ባልከፋ፤ ዴኩ እንደሆነ እየጠፋ ነው። የመጨረሻው አምራች የሚባለው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ቅሬታዬ አገለባበጡ ላይ ነው። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማጫወት ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ባለሙያው ታዲያ «ረዝሟል» ብሎ ይቆርጥልናል፤ አልበቃ ብሎት ዘፈን ይጭንበታል። የሚቆረጠው ምን መሰላችሁ? የሽማግሌዎቹ ምርቃት! ለአንድ የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ቤተሰብ የሟች አባት ድምፅ የቀረው እዚያች ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከድንኳኑ ጀርባ የሚታየው የጤፍ ማሳም እንዲሁ ነው፤ ብዙው ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፣ ከተሞቹም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። ለቆራጩ ግን «ምንም የሌለበት ቦታ» ነው። (የልብ ቅርጽ ያለው ጌጥ ሲሆን መቼም አይቆረጥም።)

ዲስኩም ቢሆን ዘላለም አይኖርም። ፎቶ ቤት የሚጻፈው ዲቪዲ ምስሉን የሚይዘው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያበላሹታል። እናም ሳይቆረጥ፣ ከነድምፁ ይገልብጡልን፤ አንድ ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ካሴቱንም ይመልሱልን። «ከተገለበጠ በኋላ ምን ያደርግልዎታል?» ለሚሉን፣ የእናንተን መቀስ ያላየው እሱ ብቻ ነው እንበላቸው።