የሸማኔው ምስል፦ ከጨንቻ እስከ ሽሮ ሜዳ

ስለ ጋሞ ሸማኔዎች የተነሡትን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለመረመረ ሰው፣ ሁለት ዓይነት ምስሎች ተለይተው ይታዩታል። አንደኛው ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ የሚነሣው ነው፤ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የዝሆን ራስ መስሎ የቆመው የዶርዜ ቤት፣ የእንሰቱ ጓሮ፣ ጦር የያዘው ጨፋሪ። ሁለተኛው በአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሚነሣው ነው፤ በሱቅ ደጃፍ የተሰቀለው ባለጥለት ቀሚስና ነጠላ። በአንደኛው ሰው አለ፣ ሥራው የለም፤ በሁለተኛው ሥራው አለ፣ ሠሪው የለም። አገሩን ለቆ በሸማ ሥራ የሚኖረው ማኅበረሰብ ከሁለቱም ጠፍቷል።

የጉድለቱ አንዱ ምክንያት ብርሃን ነው። ሸማኔው በጠባብ ክፍል፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን እየረገጠ ይሠራል። ብርሃኑ ጥቂት፣ መወርወሪያው ፈጣን ነው። ፍላሽ የበራ እንደሆነ ጨለማው ይገፈፋል፤ ሆኖም ሰውዬው የሚኖርበት ብርሃን ያ አይደለም። የዴንማርክ ተወላጁ ጄከብ ሪስ የኒው ዮርክን መጤዎች መኖሪያ በፍላሽ ዱቄት አንሥቶ በ1890 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ የገጠመው ይኸው ነበር። ሥራው ለመኖሪያ ቤቶች መሻሻል ግፊት አድርጓል፤ ብዙዎቹ ሰዎች ግን ስም አልባ ሆነው ቀርተዋል። ሪስ ራሱ መጤ መሆኑ ከዚህ አላዳነውም።

በእኛም አገር መጤና ካሜራ ተገናኝተዋል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። የቤተ መንግሥት ካሜራ ተግባር ግን ዙፋኑን ማሳየት ነው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል፤ ሸማኔው በቃል ክብር ሲታወጅለት፣ በምስል ክብሩን ገና አላገኘም።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ለመስቀል ሸማኔው ወደ ጋሞ ደጋ ይመለሳል። በዚያን ሰሞን ጨንቻ የወጣ አንሺ በዓል ብቻ ያያል፤ ሽሮ ሜዳ የሄደው ደግሞ ሸማኔ የራቀውን ጉድጓድ ያገኛል። የዚህ ማኅበረሰብ ኑሮ በመመላለስ የተሸመነ ነው፤ አንዱን ዳር ብቻ ያነሣ ድሩን ይዞ ማጉን ጥሏል።

ሦስተኛውና ከባዱ የኅሊና ጉዳይ ነው። ከደጋው ተወስደው በከተማ ሸማ ሥራ ላይ የሚቀመጡ ሕፃናት አሉ። ልጁን አስውቦ ያነሣ በደሉን ጌጥ ያደርገዋል፤ ፊቱን ገልጦ ያሳየ ደግሞ ልጁን ለአደጋ ያጋልጣል። እጆቹንና መወርወሪያውን አንሥቶ ታሪኩን በጽሑፍ መግለጽ ይቻላል። እዚህ ላይ ይዘት ቅርጽን ማዘዝ አለበት።

መግለጫ ጽሑፉም የምስሉ አካል ነው። በአዲስ አበባ የጋሞ ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ይባላል፤ ዶርዜ ግን ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው። የቀሚሱን ጥለት ዘርዝሮ የሠሪውን ትውልድ መንደር የሚያሳስት መግለጫ፣ ምስሉ ያልዋሸውን ይዋሻል።

ስለዚህ የወደፊቱ ፎቶግራፍ አንሺ ከመነጽሩ ይልቅ በትዕግሥቱ ይመዘናል። ፈቃድ ይጠይቅ፤ ዐዋቂው የፈቀደውን ስም ይጻፍ፤ በሁለቱም አገር ይሰንብት። ያነሣውንም በከተማ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን በጨንቻም ይስቀል። የምስሉን እውነትና ሐሰት ለይቶ የሚፈርደው ባለቤቱ ነውና።