ጸጥ ያለው ቀን ትልቁ የሥራ ቀን ነው

ከማያሚ ወደብ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ወደ ሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት የምታቀና የሽርሽር መርከብ ከመድረሷ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ወደብ ሳትነካ ትጓዛለች። መንገደኛው ይህን ቀን ይወደዋል። የሚቸኩልበት ጉብኝት የለም፤ ሲሻው መዋኛው ዳር ይጋደማል፣ ሲሻው መጽሐፉን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከውሃው ወለል በታች፣ ሞተር ክፍል ውስጥ የምንሠራ መሐንዲሶችም ይህን ቀን እንወደዋለን። ሙያችንን አጥርተን የምንማረው በዚህ ቀን ነውና።

ወደብ በሚገባበት ቀን ሁሉም ነገር ይለዋወጣል። ጀነሬተር ይነሳል፣ ይጠፋል፤ መርከቧን ወደ ጎን የሚገፉት ትረስተሮች በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባሉ፤ የሙቀትና የግፊት ቁጥሮች አንድ ቦታ አይረጉም። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ቁጥር ከፍ ቢል ብልሽት ይሁን የሥራ ጫና መለየት ያስቸግራል። ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ግን ፍጥነቱ አይቀያየርም፣ ጫናውም የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ሰዓት የታወቀ ነው። ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ማሽን ልኩን ይይዛል። ጤናውን የማያውቅ ሰው ሕመሙን አይለይም፤ ይህን ሙያ ከያዝኩ ወዲህ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም።

የዛሬዎቹ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አብዛኞቹ በሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ያው ኤሌክትሪክ ፕሮፔለሩን ያዞራል፣ ምግቡን ያበስላል፣ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የመንገደኛውን ውሎ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ እናነባለን። ጠዋት ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ የውሃ ፍጆታው ከፍ ይላል። ከምሳ በፊት ምድጃዎቹ ሲበሩ ጀነሬተሮቹ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። የካሪቢያን ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰሮች ተራውን ይረከባሉ። ይህን ለለመደ ዓይን፣ ያለ ሰዓቱ የመጣ ጭማሪ ወዲያው ጥያቄ ያስነሳል።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሚወስደው የውሃ ነገር ነው። ትልቅ መርከብ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ንጹህ ውሃ ትፈልጋለች። የወደብ አካባቢ ባሕር ስለሚበከል ውሃ የምናመርተው ከዳርቻ ርቀን ነው፤ ለዚህም ረጅሙ የባሕር ቀን የተመቸ ነው። አንዱ መንገድ ጨዋማውን ውሃ በከፍተኛ ግፊት በስስ ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። ሌላው ማትነን ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የአየር ግፊቷም ዝቅ ስላለ፣ ውሃ እዚያ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እኛም ከማትነኛው ውስጥ አየሩን መጥጠን በማውጣት የባሕሩን ውሃ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ባለ ሙቀት እናፈላዋለን። ሙቀቱን የምናገኘው ሞተሩን አቀዝቅዞ ከሚመለሰው ውሃ ነው፤ ባንጠቀምበት ባሕር ውስጥ የሚጣል ሙቀት ነበር። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ንጹህ ውሃ ይሆናል። በዝቅተኛ ሙቀት ስለፈላ ግን ጀርሙ ላይሞት ይችላል፤ ስለዚህ ክሎሪን ይጨመርበታል። ቧንቧውን እንዳይበላና ጣዕም እንዲኖረው ማዕድን ይታከልበታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ማትነኛው ውስጥ አየር ሾልኮ ካልገባ ነው። አንድ ጸጥ ያለ ቀን ጠዋት የሰዓቱ ምርት ከትናንቱ በጥቂቱ ቀንሶ አገኘነው። ማንቂያ አልጮኸም፤ የውሃውን ጨው የሚለካው መሣሪያም ደህና ነበር። የቫኪዩሙ ጌጅ መርፌ ብቻ ከወትሮው ቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። የጢም መላጫ አረፋ ይዘን ወረድንና በየመገጣጠሚያው ዙሪያ በጣታችን ቀባን። አረፋው በሁሉም ላይ እንደተቀባ ቆየ። አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ግን መሃሉ ጎደጎደ፤ ቀስ እያለም ወደ ውስጥ ተሳበ። እዚያ ጋ ያለው ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ማሽኑን አቁመን ጓርኒሲዮኑን ቀየርን፤ ብሎኖቹን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅን እኩል አጠበቅን። ከምሳ በፊት ምርቱ ወደ ልኩ ተመለሰ። ላይ ያለው መንገደኛ ሻወሩን ሲከፍት ውሃው እንደወትሮው ወረደለት።

ስክሪን ብዙ ይናገራል፤ ማንቂያው የሚጮኸው ግን ቁጥሩ ከተቀመጠለት ገደብ ሲያልፍ ነው። ገደቡ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለውን ለውጥ የሚይዘው ዞሮ የሚያይ ሰው ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የፓምፑ ኩሽኔታ ያለበት ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ ሲደረግ የውስጡ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጤነኛ ኩሽኔታ አንድ ወጥ ድምፅ ያሰማል፤ መድከም ሲጀምር በመሃሉ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ይገባበታል። ይህን ልዩነት ለመስማት ትናንት ጤነኛውን ሰምቶ ማደር ያስፈልጋል።

ትንሽ ነገር ሲታለፍ የሚመጣውን ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2013 ካርኒቫል ትራየምፍ የተባለችው መርከብ ከኮዙሜል ወደ ቴክሳሷ ጋልቬስተን በመመለስ ላይ ሳለች፣ ከአንዱ ጀነሬተር የነዳጅ መመለሻ ቱቦ ያፈሰሰ ነዳጅ ትኩስ አካል ነክቶ እሳት ተነሳ። እሳቱ ጠፋ፤ የሰው ሕይወትም አላለፈም። ኤሌክትሪኩ ግን ተቋረጠ፤ መርከቧም መንቀሳቀስ አቃታት። ከ4,000 የሚበልጥ ሰው አብዛኛው መጸዳጃ ቤት ሳይሠራ፣ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ቆይቶ፣ መርከቧ ተጎትታ አላባማ ውስጥ ወደሚገኘው ሞቢል ወደብ የደረሰችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የመንገደኛው ዕረፍት በአንድ ቱቦ ላይ እንደሚንጠለጠል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሳችንም ዕረፍት የሥራው አካል መሆኑን መናገር እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተረኛ የሆነ ሰው ሳይተኛ ከመጣ ካቻቢቴው ምንም አይነግረውም። ዕረፍታችሁን እንደ መሣሪያችሁ ጠብቁት።

ይህን የምጽፈው በተለይ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ ለሚሰማሩ የአገሬ ልጆች ነው። ባሕር የሌላት አገር ልጆች ናችሁ፤ ሞተሩ ግን ከየት እንደመጣችሁ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ጥንቃቄያችሁን ነው። ማንቂያ ሲጮህ ሁሉም ይሮጣል። እናንተ ግን ምንም በማይጮህበት ቀን ወንበራችሁን ትታችሁ ተነሱ፤ ዙሩ፣ ዳስሱ፣ አዳምጡ፣ ያገኛችሁትንም በመዝገብ ላይ በእጃችሁ ጻፉ።