ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር

እንዲህ ያለ ነገር በከተማችን እያለ እንዴት ነው ማንም ለማንም ሳይነግር የኖረው? ካልጋሪ ውስጥ ሰዎች ሥራ ውለው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ማታ ማታ ነጭ ለብሰው በሰይፍ ይጋጠማሉ! ፊልም እየሠሩ አይደለም፤ ዳኛ ቆሞ፣ መብራት ነጥብ እየቆጠረ፣ የምር ይወዳደራሉ። ስፖርቱ ፌንሲንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ዘመናዊው ኦሎምፒክ ሲጀመር ከነበሩት ስፖርቶች አንዱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም የበጋ ኦሎምፒክ አላመለጠውም። በኦሎምፒክ ዕድሜው ከእኛው ሩጫ እኩል ነው ማለት ነው! እኔ አሁን ሥራ ቦታ ስለ እሱ አወራለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ስለ እሱ አወራለሁ፣ ፎረስት ላውን ሰፈር ቡና የሚጠጣውን ሰው ሁሉ ይዤ ስለ እሱ አወራለሁ። ዛሬ ደግሞ እጽፋለሁ።

እስቲ መጀመሪያ አዳራሹን ላሳያችሁ። ታኅሣሥ ነው፤ ፀሐይዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጠልቃለች፤ ውጭው ከዜሮ በታች 30 ነው፤ መኪናው እንኳ ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ካልተሰካለት ጠዋት አልነሳም ይላል። በዚህ ወቅት አብዛኞቻችን የምናውቀው መንገድ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። እዚህ ግን በሩን ስትከፍቱ የብረት ቅጭልጭልታ ይቀበላችኋል። 14 ሜትር በሚረዝሙ ጠባብ መስመሮች ላይ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ከሰይፋቸው የተነሳ ገመድ በእጅጌያቸው ውስጥ አልፎ በጀርባቸው ወጥቶ ከነጥብ መቁጠሪያው ጋር አገናኝቷቸዋል። ከመጋጠማቸው በፊት ማስካቸውን ብብታቸው ውስጥ ይዘው፣ ሰይፋቸውን ከፍ አድርገው፣ ለተጋጣሚ፣ ለዳኛና ለተመልካች ሰላምታ ይሰጣሉ። ይህ ግዴታ ነው፤ ሰላምታ እምቢ ያለ ሰው ከውድድር ይባረራል! ከዚያ ዳኛው ካናዳም ይሁን ጃፓን በፈረንሳይኛ «አን ጋርድ! ፕሬ? አሌ!» ይላል፤ «አሌ» የምትለው ቃል ሳታልቅ አንዱ የፊት እግሩን ወርውሮ፣ የኋላውን ቀጥ አድርጎ፣ ክንዱን እንደዘረጋ ተምዘግዝጎ ሌላው ደረት ላይ ይደርሳል። ላንጅ ይሉታል። አንድ ጊዜ በደንብ የተሠራ ላንጅ ያየ ሰው ዓይኑን ከዚያ መስመር ላይ መንቀል አይችልም።

ጀማሪ ትንሽ እንደቆየ ጥያቄው ይመጣል፤ የትኛው ሰይፍ? ፌንሲንግ በስም አንድ ሆኖ በተግባር ሦስት ነውና፤ ፎይል፣ ሳብርና ኤፔ። ከሩቅ ለሚያይ ልዩነቱ የብረቱ መልክ ይመስላል። የሚለያያቸው ግን ሕጋቸው ነው፤ የቱ ንክኪ ነጥብ ነው? ሁለቱም ከተነካኩስ ማን ይፈርዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ከዚያ መልስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ይወጣል! ይህንን ያወቅሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፎይል ቀጭን ነው፤ ክብደቱ ከ500 ግራም አይበልጥም። ነጥብ የሚያስገኘው ጫፉ ብቻ፣ የሚቆጠረውም የግንደ ሰውነት ንክኪ ብቻ ነው፤ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ። ክንድ ወይም እግር ከተነካ ነጭ መብራት ይበራና ጨዋታው ያለ ነጥብ ይቆማል። ነፍሱ ግን የቅድሚያ መብት የሚሉት ሕግ ነው። ክንዱን ዘርግቶ ጥቃት የጀመረ ባለመብት ነው። ተጠቂው ዝም ብሎ መልሶ ቢወጋ ዋጋ የለውም፤ በመጀመሪያ የመጣበትን ሰይፍ መመከት አለበት። ከመከተ ተራው የእሱ ሆነ፤ መልስ ምት ይሰነዝራል፤ ያኛው ደግሞ በተራው መመከት ግድ ይለዋል። የሁለቱም መብራት ሲበራ ዳኛው ነገሩን ከሥሩ አንስቶ፣ ማን እንደጀመረ፣ ማን እንደመከተ፣ ማን ተራውን እንዳጣ በእጁ ምልክት እየተረከ ይፈርዳል። አያቶቻችን ችሎት ፊት ቆመው በላ ልበልሃ ሲባባሉ ያደርጉት የነበረው እኮ ይህንኑ ነው! ከሳሽ ይጠይቃል፤ ተከሳሽ ለተጠየቀው ሳይመልስ ወደ ራሱ ነገር ቢዘል ተረታ፤ መልሶ ሲያበቃ ግን ጠያቂው እሱ ይሆናል፤ አድማጩም በአንደበታቸው ቅልጥፍና እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ፎይል ሲካሄድ ጆሮዬ ውስጥ የሚሰማኝ ያ ሙግት ነው። ነገር አዋቂ፣ ቅደም ተከተል ወዳድ፣ አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር ማያያዝ የሚያስደስተው ልጅ ካላችሁ ዛሬውኑ ፎይል አስይዙት!

ሳብር እሳት ነው። የፈረሰኛ ጎራዴ ዘር ስለሆነ በጫፉ ብቻ ሳይሆን በስለቱም ይመታል፤ ከእጅ መዳፍ በቀር ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ፣ ራስና ክንድ ሳይቀር፣ ይቆጠራል። የቅድሚያ መብት እዚህም አለ፤ ነገር ግን ከ«አሌ!» እስከ መብራቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም «የእኔ ነው» ብለው ወደ ዳኛው ይዞራሉ። ልጄ የመረጠችው ይህንን ነው፤ ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነጥብ ስታገባ የምታሰማውን ጩኸት ብትሰሙ! እኔ እናቷም ሆኜ ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እና ኤፔ። ኤፔ! ከሦስቱ ከባዱ፣ እስከ 770 ግራም የሚመዝን፣ እጅን የሚሸፍን ሰፊ መከታ ያለው፣ የድሮው የሁለት ሰዎች የክብር ፍልሚያ ቀጥተኛ ወራሽ። ሕጉ እፍኝ አይሞላም። ሰውነት በሙሉ ይቆጠራል፤ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ጠጉር። የቅድሚያ መብት የሚባል የለም። ቀድሞ የነካ ነጥቡን ወሰደ። ሁለቱ በአንድ ሰከንድ 1/25 ውስጥ ከተነካኩ ለሁለቱም ይቆጠራል። አለቀ! የሚፈርደው በመጀመሪያ ደረጃ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ናት፤ ከ750 ግራም በላይ ካልተጫናት መብራት አታበራም፤ ለዚህም ነው ዳኛው ግጥሚያ ሳይጀመር 750 ግራም ክብደት ጫፏ ላይ አስቀምጦ ስፕሪንጓ መልሳ ማንሳቷን የሚፈትነው። ይህን ፈተና ማየት በጣም እወዳለሁ። ከዚህ ያነሰ ብልጭታ፣ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የት አለ?

ሕጉ ባጠረ መጠን ነገሩ መርቀቁ ነው የሚያስደንቀው። ሰውነት ሁሉ ከተቆጠረ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርበው ኢላማ የያዝኩበት እጅ ነው፤ ስለዚህ ወደ ደረት ለመሄድ የእጅ አንጓዬን አደጋ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው። ርቀት ሁሉም ነገር ሆነ። አንድ ስንዝር ቀርቦ መገኘት ነጥብ ያስከፍላል፤ አንድ ስንዝር ርቆ መገኘት ዕድል ያሳልፋል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአገሬ ልጅ፣ ክለቡ ውስጥ «እትዬ» እያለች ነው የምትጠራኝ፤ ገጥማኝ ሳለ ዓይኗን ትከሻዬ ላይ ተክላ፣ እጇን ዝቅ አድርጋ፣ የጫማዬን ጫፍ ወጋችው! መብራቷ በራ። «ይቅርታ እትዬ» አለችና ሰይፏን አንስታ ሰላምታ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ፣ እንዲህ ያለ ጨካኝ ስፖርት!

የነጥቡን ስሌት ደግሞ ስሙ። ማጣሪያው እስከ 5፣ ጥሎ ማለፉ እስከ 15 ነጥብ ነው። ሁለቱም ሲነካኩ ለሁለቱም ስለሚቆጠር፣ 14 ለ13 የሚመራው ሰው አብሮ መነካካትን ይመኘዋል፤ በዚያው 15 ለ14 ያሸንፋልና። ተከታዩ ደግሞ ሳይነካ መንካት አለበት። ስለዚህ መሪው ይጋብዛል፣ ተከታዩ ግብዣውን ይሸሻል፤ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። 14 እኩል ከሆኑ ድርብ ንክኪ አይቆጠርም፤ ከሁለት አንዱ ብቻ ነው የሚወጣው። ሰዓቱ እኩል እንዳሉ ካለቀ አንድ ደቂቃ ይጨመራል፤ ያቺ ደቂቃ ሳትጀመር ግን ዕጣ ይወጣል። ደቂቃዋ ያለ ነጥብ ካለፈች ዕጣ የወጣለት ያሸንፋል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሚያደርገውን ያየ፣ ድፍረት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሌላ አስረጂ አያሻውም።

አሁን ደግሞ ወንበራችሁን ያዙ። ብሩክስን እናውቃታለን አይደል? ከካልጋሪ በስተምሥራቅ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ለብዙ አበሻ ብሩክስ ማለት የስጋ ፋብሪካው ነው፤ ካናዳ እንደገባ የመጀመሪያ ደመወዙን እዚያ የበላ ስንት ሰው አለ! እዚያች ከተማ የተወለደች ሼረይን ሻልም የምትባል ሴት ኤፔ ይዛ ለካናዳ አራት ኦሎምፒክ ተሰልፋለች፤ ሲድኒ፣ አቴንስ፣ ቤጂንግ፣ ለንደን። እ.ኤ.አ. በ2009 ቱርክ፣ አንታልያ ላይ በዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ወስዳለች! ያንን የከብት አገር መንገድ በነዳሁ ቁጥር ይህንን አስባለሁ። ከዚህ ሜዳ፣ ከዚህ ነፋስ የዓለም ሁለተኛ ወጣ።

ካልጋሪና ብሩክስ ያሉባት አልበርታ ባዶ አገር አይደለችም። እዚሁ ካልጋሪ ግላዲየተርስና ኤፒክ የሚባሉ ክለቦች አሉ። ካናዳ በአጠቃላይ ደግሞ ለኦሎምፒክ ሜዳሊያ ብዙ ዘመን ጠብቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ አገኘችው፤ ኤሊኖር ሃርቪ በፎይል ነሐስ፣ በአገሪቱ የፌንሲንግ ታሪክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ።

«ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉኝ ወገኖቼ መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ግብጻዊው አላእዲን አቡልቃሲም በፎይል ብር ሲወስድ ለአፍሪካ በፌንሲንግ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡባክሪ በፎይል ነሐስ ወሰደች። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ቱኒዚያዊው ፋሬስ ፈርጃኒ በሳብር ብር፣ ግብጻዊው መሐመድ ኤልሰይድ በኤፔ ነሐስ! በሦስቱም ሰይፍ አፍሪካ መድረክ ላይ ወጥታለች። ካልጋሪ የሚያድጉ ልጆቻችን እግራቸው እንደሆነ አይታማም፤ ፌንሲንግ ደግሞ ከእጅ በፊት የእግር ስፖርት ነው።

እናቶች ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ «ዓይኑን ቢወጋውስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ልጄን ሳስመዘግብ የጠየቅሁት እሱኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ ታላቁ የሶቪየት የፎይል ተወዳዳሪ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የተጋጣሚው ሰይፍ ተሰብሮ ማስኩን ጥሶት ገብቶ ሕይወቱ አልፏል። ያ ሐዘን ስፖርቱን ለወጠው። በዓለም አቀፍ ውድድር ጃኬቱ 800 ኒውተን፣ የማስኩ የአንገት መከለያ 1600 ኒውተን ግፊት መቋቋም አለበት፤ የፎይልና የኤፔ ስለትም ስንጥቅ ቶሎ ከማይስፋፋበት ልዩ ብረት ይሠራል። የሰይፉ ጫፍ ዱልዱም ነው፤ ሲነካችሁ ይታጠፋል። ሲወጉኝ ክንዴ ላይ የሚቀረው ሰማያዊ ምልክት ደግሞ በሳምንቱ ይጠፋል፤ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ዕድሜዬ አልፏል የምትሉም ስሙኝ! ፌንሲንግ ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ የራሳቸው የቬተራን ምድብ አለው፤ 50፣ 60፣ 70 እያለ ይቀጥላል። እኔ ኤፔን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሳብር ላይ የ15 ዓመት ልጅ እግር ያስፈልጋል፤ ኤፔ ላይ ግን መጠበቅ የሚችል ሰው ፈጣኑን ይረታል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው እጁን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ፣ ጎረምሳው ተንደርድሮ ሲመጣ የሰይፉን ጫፍ አንጓው ላይ ብቻ አስቀምጦ ሲያስቆመው አይቻለሁ። ሙግት የለም፣ ይግባኝ የለም፤ አንድ መብራት በራ፣ ሽማግሌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ነው ልቤ የተቆረጠው። ይግባኝና ክርክር የሠለቸው ሰው፣ እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያመላልስ የዋለ ሰው፣ ማታ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። ክለቦች ለጀማሪ ጃኬት፣ ማስክና ሰይፍ ያውሳሉ፤ የእናንተ ድርሻ ቱታና የስፖርት ጫማ ነው። ሦስቱንም ሳትሞክሩ እንዳትመርጡ ብቻ! ኤፔን ከመረጣችሁ ደግሞ ሌላ ምርጫ ይጠብቃችኋል፤ መያዣው። አንደኛው እንደ ሽጉጥ መያዣ ጣት በጣት የሚገጥም ነው፤ ብርታት ይሰጣል፣ የሌላውን ሰይፍ ገፍቶ ለመግባት ይመቻል። ሌላው ፍሬንች የሚሉት ቀጥ ያለ መያዣ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲይዙት ሰይፉን በጥቂት ጣቶች ያህል ያስረዝመዋል፣ ብርታት ግን ያሳጣል። አሠልጣኛችን የሽጉጡን ይመክራል፤ ያቺ «እትዬ» የምትለኝ ልጅ በፍሬንቹ ትምላለች። እኔ ፍሬንቹን ይዣለሁ፤ ያ ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ብልጫ የእሷን ጫማ ጫፍ ለመድረስ ልክ በቂ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት እንጋጠማለን።