በጥለት ላይ የሚያርፉ ምልክቶች

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ በጨንቻ መንገድ በሚገኘው የዶርዜ መንደር፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ይቀመጣል። ማጉን በመወርወሪያ በድሩ መካከል ያመላልሳል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ባለ ቀለም ክር በጣቱ ይጨምራል። ከፊቱ ንድፍ የለም፤ ድሩን የሚቆጥረው በቃሉ ነው። ይህን ጥንቃቄ ቀርቦ ለማየት የክሪስታል ሳይንስ ምልክቶች ብዙ ያግዛሉ።

ምልክቶቹ ራሳቸው የረቀቀ ሥራ ናቸው። አንድ ቅርፅ በዘንጉ ላይ ሙሉ ዙር ሲዞር ራሱን የሚመስልበት ብዛት የዘንጉ ስም ይሆናል፦ 2፣ 3፣ 4 ወይም 6። በሥዕል ላይ 2 ሁለት ጫፉ የሾለ ሌንስ፣ 3 ሦስት ማዕዘን፣ 4 ካሬ፣ 6 ባለ ስድስት ጎን ነው። እያንዳንዱ ምልክት የሚናገረውን ሲሜትሪ በራሱ አካል ይዞታል። ዘንጉ እየዞረ ወደፊት የሚገፋ ሲሆን ምልክቱ ጅራት ያበቅላል። ከቁጥሮቹ 5 የጎደለው፣ ባለ 5 ዙር ቅርፅ ያለ ክፍተት እየተደጋገመ ቦታ መሙላት ስለማይችል ነው። የቁጥሩን አጻጻፍ ጀርመናዊው ካርል ኸርማንና ፈረንሳዊው ሻርል ሞጌን ቀረጹት፤ በ1935 እ.ኤ.አ. በወጡት ዓለም አቀፍ ሠንጠረዦችም ገባ።

አሁን ነጠላውን እንዘርጋ። ጥለቱ በማዕዘናቸው የቆሙ፣ ጫፍ ለጫፍ የተያያዙ አራት ማዕዘኖች ነው እንበል። በእያንዳንዱ ማዕከል አንድ ሌንስ፣ ሁለቱ በሚነካኩበት ነጥብም ሌላ ሌንስ ያርፋል። ካሬ ምልክት ግን የትም አይገባም፤ ጥለት በአንድ አቅጣጫ የሚሮጥ መስመር ስለሆነ ሩብ ዙር ቢዞር ከራሱ ጋር ይቋረጣል። ጥለቱ በጥምዝምዝ የሚሄድ ነጠላ መስመር ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ቦታ ይለውጣል፤ በየሹሉ ሳይሆን በየተዳፋቱ መሃል ያርፋል።

ብቻውን የተጠለፈ አራት ማዕዘንም ፈተና አለው። የድሩና የማጉ ጥግግት እኩል ካልሆነ፣ በቆጠራ እኩል የሆነው ቅርፅ በዓይን ይረዝማል ወይም ይጠፈጠፋል፤ ካሬው ምልክት ወርዶ ሌንስ ይተካዋል። ሸማኔው ማጉን በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ የሚወስነው ይህን ጭምር ነው።

ቀለም ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። አራት ማዕዘኖቹ ቀይና ቢጫ እየተፈራረቁ ቢሄዱ፣ የማዕከሉ ሌንስ እንደነበረ ይቆያል፤ የመገናኛው ዙር ግን ቀዩን ቢጫ ያደርገዋል። የክሪስታል ሰዎች እንዲህ ያለውን ዘንግ ከቁጥሩ በስተቀኝ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽ ጭረት (′) ጨምረው ይለዩታል።

አንድ ድር ብቻ ቢሳሳት ሌንሱ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ የአርባ ምንጭ መምህራን ስለ ሲሜትሪ ዘንግ ሲያስተምሩ ከጨው ቅንጣት ሥዕል ይልቅ በዶርዜ ጥለት ቢጀምሩ እመኛለሁ። ተማሪው ምልክቱን ያውቃል፤ ምልክቱ ለሚመሰክርለት እጅም ተገቢውን ክብር ይሰጣል።